የዓሣ ዘይት እንክብል ከመግዛቴ በፊትና በኋላ የመረመርሁት

የዓሣ ዘይት እንክብል መውሰድ ይገባኝ እንደሆነ ማጥናት የጀመርሁት፣ የደም ምርመራ ውጤቴ ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብ በደሜ ውስጥ ከጤናማው ወሰን በመጠኑ ማለፉን ካሳየ በኋላ ነው። ጤናማ የሚባለው በዴሲሊትር ከ150 ሚሊግራም በታች ነው፤ የእኔ ከዚያ ያለፈ ቢሆንም መድኃኒት የሚያሳዝዝ አልነበረም። ሐኪሜ ስኳርና አልኮል እንድቀንስ፣ በየቀኑ በእግሬ እንድጓዝ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህልም ቅባት ያለው ዓሣ እንድበላ መከሩኝ። ዓሣ የማዘወትር ሰው ስላልሆንሁ ጉድለቱን በእንክብል ልሙላው የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ሆኖም «ለልብ ጤና» የሚለው ሐረግ በየብልቃጡ ላይ ሲደጋገም ሳይ፣ የቆመበትን መሠረት ሳላጣራ ገንዘቤን ማውጣት አልፈለግሁም።

መሠረቱን ስፈልግ የደረስሁት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በግሪንላንድ የኢኑዊት ሕዝብን አመጋገብና የደም ቅባት ወዳጠኑት ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች፣ ወደ ሃንስ ኦላፍ ባንግና ዮርን ዲየርበርግ ነው። ኢኑዊቶቹ ብዙ የባሕር እንስሳት ስብ እየበሉ የልብ ሕመም አይበዛባቸውም ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ኦሜጋ-3 በሚባሉት የስብ ዓይነቶች ውስጥ ፈለጉት። በዓሣ ዘይት ውስጥ ከእነዚህ ዋነኞቹ ኢፒኤና ዲኤችኤ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ከ11,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ የጣሊያን ጥናት፣ በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው ከተረፉት መካከል በቀን አንድ ግራም ኦሜጋ-3 የወሰዱት የመሞት ዕድላቸው መቀነሱን ዘገበ። እንደ እኔ ግምት ዛሬም በብልቃጦቹ ላይ የምናነበው ተስፋ የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ሳነብ ግን ተስፋው እየሳሳብኝ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤታቸው የታወቀ ሁለት ትላልቅ ጥናቶች አሉ፤ አንደኛው 25,871 ሰዎችን ለአምስት ዓመት ያህል የተከታተለው ቫይታል የተባለው የአሜሪካ ጥናት ነው፤ ሁለተኛው 15,480 የስኳር ሕሙማንን የያዘው አሴንድ የተባለው የብሪታንያ ጥናት ነው። በሁለቱም ተሳታፊዎቹ በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በቀን አንድ ግራም የዓሣ ዘይት፣ ገሚሶቹ በመልክ የማይለይ ማስመሰያ እንክብል ወሰዱ፤ የልብና የደም ሥር አደጋዎችን ደምሮ በሚለካው ዋና መመዘኛም በቡድኖቹ መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። በቫይታል ድንገተኛ የልብ ሕመም ለብቻው ሲቆጠር በዘይቱ ወሳጆች ዘንድ አንሶ ታይቷል፤ ይህም ጎልቶ የወጣው ዓሣ እምብዛም በማይበሉት ላይ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ የሚያጓጓ ውጤት ነው። ነገር ግን በዋናው መመዘኛ ልዩነት ያላሳየ ጥናት በብዙ ንዑስ ቡድኖች ሲከፋፈል አንዱ ዘንድ መልካም ውጤት በአጋጣሚም ሊወጣ ስለሚችል፣ ገና ሊጣራ የሚገባው ፍንጭ አድርጌ ብቻ ያዝሁት። የ1999ኙ ጥናት በበኩሉ ማስመሰያ እንክብል አልነበረውም፤ በዚያ ጊዜም ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒቶች እንደ ዛሬው በስፋት አይታዘዙም ነበር።

ዘይቱን በከፍተኛ መጠን የሰጡት ሁለት ጥናቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ሪዲዩስ-ኢት የተባለው፣ ስታቲን እየወሰዱ ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ያለባቸውን 8,179 ሰዎች ይዞ በቀን 4 ግራም የተጣራ ኢፒኤ የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በ25 በመቶ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2018 አስታወቀ። ስትሬንግዝ የተባለው ግን በ13,000 ያህል ሰዎች ላይ ኢፒኤንና ዲኤችኤን ቀላቅሎ በቀን 4 ግራም ሰጥቶ ጥቅም ሊያሳይ ባለመቻሉ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ። ክርክሩ አሁንም ያልበረደው፣ የመጀመሪያው ለማስመሰያነት የተጠቀመበት የማዕድን ዘይት ራሱ የተነጻጻሪዎቹን ኮሌስትሮል ከፍ በማድረግ ልዩነቱን አግንኖት ሊሆን ይችላል የሚሉ ስላሉ ነው፤ ሁለተኛው የበቆሎ ዘይት ነበር የተጠቀመው። ሁለቱ ጥናቶች የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት በዘይቱ ወሳጆች ላይ በዝቶ መታየቱ ነው። ብዙ መውሰድ ብዙ ይጠቅማል የሚለውን አስተሳሰብ ሙሉ በሙሉ የተውሁት ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዘይቱን የምገዛው የማልበላውን ዓሣ በከፊል ለመተካት ብቻ እንዲሆን ወሰንሁ፤ ለዚህ የሚበቃውን መጠን ማወቅም አስቸጋሪ አልሆነም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ አዋቂ በቀን 250 ሚሊግራም ኢፒኤና ዲኤችኤ ይበቃል ይላል። ሳልመን ከተባለው ቅባታም ዓሣ 85 ግራም የበሰለ ሥጋ ከእነዚህ ከ1.5 ግራም በላይ ስለሚይዝ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚበላው ሰው በቀን ሲካፈል ከ400 ሚሊግራም በላይ ያገኛል። የእኔም ግብ በ250ና በ500 መካከል ሆነ።

ግዢው ላይ ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ የብልቃጡን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው 1000 ሚሊግራም የዘይቱ ክብደት ሲሆን፣ ጀርባው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ስመለከት በተራው ዘይት ውስጥ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120፣ በድምሩ 300 ሚሊግራም ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ቀሪው ሌላ ስብ ነው። ሌላ ብልቃጥ 600 ሚሊግራም ይልና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ላስተዋለ ሰው መጠኑ የሁለት እንክብል ነው። የእንክብሎቹን ብዛት በአንዱ ውስጥ ባለው የኢፒኤና የዲኤችኤ ድምር አባዝቼ ዋጋውን ለዚያ ሳካፍል፣ ውድ ይመስል የነበረው የተጠናከረ (ኢፒኤና ዲኤችኤ የበዛበት) ዘይት ከርካሹ ብዙም የማይራራቅ ሆነ። ድምሩን ብቻ ጽፎ ኢፒኤንና ዲኤችኤን ለየብቻ የማይገልጸውን ወዲያው አስቀረሁት። «ኦሜጋ 3-6-9» የሚለውንም እንዲሁ፤ 6ቱና 9ኙ በምግብ ዘይት ውስጥ ሞልተው ሳለ በብልቃጥ የምገዛበት ምክንያት አልታየኝም። የተልባ ዘይት የያዘው ኤኤልኤ የሚባለው ኦሜጋ-3 ደግሞ ሰውነት ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው በጥቂቱ፣ ወደ ዲኤችኤማ ከዚያም በጣም ባነሰ መጠን ስለሆነ ለያዝሁት ዓላማ አይሆንም። ዓሣ የማይበላ ሰው ዲኤችኤን ከጥቃቅን የባሕር አልጌዎች ከተመረተ ዘይት ሊያገኝ ይችላል፤ ዓሦቹም የሚያገኙት ከመነሻው ከእነዚሁ ነው።

በዚሁ ሰሞን አንዲት ነፍሰ ጡር ዘመዴ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ልትገዛ አስባ አማከረችኝ። በእርግዝና ወቅት ኦሜጋ-3 መውሰድ ሕፃን ያለ ጊዜው የመወለዱን ዕድል እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ 70 ጥናቶችን ያሰባሰበ፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት ግምገማ ስላሳየ ፍላጎቷ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ሆኖም የጉበት ዘይት ቫይታሚን ኤ ስለሚይዝና ይህ ቫይታሚን ሲበዛ ፅንስን ስለሚጎዳ፣ ከጉበት ያልተመረተውን እንድትመለከትና ስለመጠኑ ሐኪሟን እንድትጠይቅ ነገርኋት።

የዘይቱ ትኩስነት እኔ ከጠበቅሁት በላይ ወሳኝ ነው። እነዚህ ስቦች ከአየር፣ ከብርሃንና ከሙቀት ጋር ሲገናኙ በቀላሉ ይበላሻሉ፤ እንክብሉ ደግሞ ሽታውን ሸሽጎ ይይዛል። ኢንዱስትሪው በራሱ ፈቃድ ያወጣው መመዘኛ፣ የዘይቱን መበላሸት ከሚያሳዩት ልኬቶች የፐርኦክሳይድ መጠን ከ5፣ የአኒሲዲን መጠን ከ20፣ ቶቶክስ የሚባለው የሁለቱ ጥምር ልኬት ከ26 እንዳይበልጥ ይላል። ለመረጥኋቸው አምራቾች በብልቃጡ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ጠቅሼ የምርመራ ውጤቱን እንዲልኩልኝ ጻፍሁላቸው፤ አንዱ ሠንጠረዡን ላከልኝ፣ ሌላው ስለ ጥራት የሚያወራ የማስታወቂያ ጽሑፍ ብቻ ላከ፤ ምርጫዬም በዚያው ተቋጨ። እንደ ዩኤስፒ፣ ኤንኤስኤፍ ወይም አይፎስ ያለ ገለልተኛ መርማሪ ያረጋገጠው ምልክት መኖሩንም አይቻለሁ። በተረፈ ከእያንዳንዱ አዲስ ብልቃጥ አንዱን እንክብል ቀድጄ አሸተዋለሁ፤ ቀላል የዓሣ ሽታ የተለመደ ነው፣ የከረፋና የሚኮመጥጥ ከሆነ ግን አልወስደውም። የሎሚ ጣዕም የተጨመረበትን የማልገዛው ይህን ፈተና ስለሚያከሽፍብኝ ነው። ብዙዎች ስለሚፈሩት ሜርኩሪ ያገኘሁት መልስ አጭር ነው፦ በዋናነት የሚከማቸው በዓሣው ሥጋ ፕሮቲን ላይ ሲሆን በተጣራ ዘይት ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው።

አወሳሰዱን በተመለከተ፣ የተጠናከሩት ዘይቶች ብዙዎቹ ኤቲል ኤስተር በሚባል ቅርጽ የተዘጋጁ ስለሆኑ ያለ ቅባት ምግብ በሚገባ አይዋሃዱም፤ ስለዚህ እንክብሉን በባዶ ሆዴ ሳይሆን ከዋናው ምግቤ ጋር እወስዳለሁ፤ በዚህም መንገድ የዓሣ ጣዕም ያለው ግሳት ቀንሶልኛል። ከመጀመሬ በፊት ለሐኪሜ ነግሬያቸው፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ እንደማልወስድና የልብ ምት መዛባት ታሪክ እንደሌለብኝ አረጋግጠዋል።

በተከታዩ ምርመራ ትራይግሊሰራይዴ ወደ ጤናማው ወሰን ወርዶ ተገኘ። ይህን ለእንክብሉ ልሰጠው አልችልም፤ ትራይግሊሰራይድን በሚገባ የሚቀንሰው በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው 4 ግራም ያህል ነው፣ እኔ የምወስደው ግን ከአንድ ግራም በታች ነው፤ በዚያ ላይ በዚሁ ጊዜ አልኮል ትቼ፣ ጣፋጭ መጠጦችንም ቀንሼ ነበር። ሐኪሜም በዚህ ተስማምተው፣ ወደፊት ትራይግሊሰራይዴ በዴሲሊትር ወደ 500 ሚሊግራም ቢጠጋ በራሴ ፈቃድ የእንክብሉን ቁጥር ከማበራከት ይልቅ ወደ እሳቸው እንድመለስ አሳስበውኛል። እስከዚያው ዓሣ በምበላበት ቀን እንክብሉን እዘልለዋለሁ።