የቅድመ አያት ስም በግብር ደረሰኝ ላይ

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ሱሉልታም ይሁን ሰበታ፣ ቡራዩም ይሁን ለገጣፎ፣ ቅድመ አያቱ መቼ መጥቶ እንደሰፈረ ለማወቅ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ቀበሌ ይሄዳል። ቀበሌ ግን ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጆች ወዲህ የመጣ ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለኖረ ገበሬ ስሙን በወረቀት ላይ ያስቀረለት መሬቱ ነው። ፍለጋውም ከግብር ደረሰኝ ቢጀመር ይሻላል።

ደረሰኙ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ሣጥን ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ወይም ዳዊት መሐል ገብቶ። ቀኑ ቢጠፋ እንኳ ዘመኑን የሚናገር ነገር አይጠፋውም። በሽልንግ የተከፈለ ከሆነ ጣሊያን ከወጣበት ከ1933 እስከ 1937 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል፤ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር የወጣው ሐምሌ 1937 ነውና። የትምህርት ግብር የመጣው በ1940 ነው። ከምርቱ አሥረኛ ታስቦ ለመንግሥት ይከፈል የነበረው አሥራት ደግሞ በ1960 ቀርቷል። ሁለቱንም የያዘ ደረሰኝ እንግዲህ በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው የሚያርፈው። ውዝፍ ዕዳ የተከፈለበት ሊሆን ስለሚችል ግን ግብሩ የየትኛው ዘመን እንደሆነና ገንዘቡ መቼ እንደተከፈለ ለየብቻ አንብቡ።

በጣም የምወደው ክፍል የገንዘቡ መጠን ነው። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሠረት ሸዋ ውስጥ የተለካ አንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር ግብርና 35 ብር አሥራት ይከፍል ነበር። ለም ጠፍ (ከፊል ለም) የተባለው 10 እና 30፣ ጠፍ (ለም ያልሆነ) የተባለው 5 እና 10 ነበር። ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ግብር 5፣ አሥራት 15 ካገኛችሁ ባለመሬቱ ግማሽ ጋሻ ለም ጠፍ ነበረው። ግብር 5፣ አሥራት 10 ከሆነ ግን ያው 5 ብር የአንድ ሙሉ ጋሻ ጠፍ ነው። የግብሩን ዓምድ ብቻ አይቶ የፈረደ ሰው በእጥፍ ይሳሳታል።

ቀጥሎ ያለው ወጥመድ ስሙ ነው። ባለርስቱ ሲሞት ወራሾቹ ስመ ርስቱን ሳያዛውሩ በሟች ስም መገበር የተለመደ ነበር። በ1955 የተቆረጠ ደረሰኝ ላይ ስሙ ስላለ በ1955 በሕይወት ነበር ብላችሁ አትጻፉ። «በእነ እገሌ ስም» ወይም «የእገሌ ወራሾች» የሚል ቃል ካለ ነገሩ የታወቀ ነው። ከሌለ ደግሞ ገንዘቡን ያስገባው ማን እንደሆነ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

የራሳችሁ ቤተሰብ ወረቀት ካልተረፈ ወደ ጎረቤት ሂዱ። የሽያጭና የውርስ ውል አዋሳኝ ሳይጠቅስ አያልፍም፦ በምሥራቅ የእገሌ መሬት፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያን ሰሞን መሬት። በራሱ ስም አንድም ወረቀት ያልተረፈለት ሰው በሦስት ጎረቤቶች ውል ላይ አዋሳኝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በወንዝና በገደል የተጻፈ አዋሳኝ አስተማማኝ ነው፤ በባሕር ዛፍ የተጻፈውን ግን አትመኑት፣ ተቆርጦ እንደገና የሚያቆጠቁጥና እንደልብ የሚተከል ዛፍ ነው።

መዝገብ ቤት ገብታችሁ ስታስፈልጉ አንዱን አጻጻፍ ብቻ ይዛችሁ አትግቡ። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ በፊደል ተራ ሲደረደሩ የተለያየ ቦታ ይገባሉ። በዚህ አካባቢ ደግሞ የኦሮምኛ ስም በአማርኛ ጸሐፊ እጅ ያለፈ ነው፤ «ዽ» ያለበትን ስም አንዱ በ«ደ»፣ ሌላው በ«ጠ» ይጽፈዋል። ሲጠመቅ የወጣለትን የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ካለውም ጨምራችሁ ያዙ። የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ የሚያውቀው በክርስትና ስሙ ነው።

ማመልከቻው ላይ የዛሬውን አድራሻ ብቻ ብትጽፉ ፋይሉ አይገኝም። ያኔ አገሩ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በመናገሻ አውራጃ ሥር ነበር። አሁን ከፊሉ በአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ፣ ከፊሉ በ2015 በተቋቋመው የሸገር ከተማ ውስጥ ነው። የድሮውን ወረዳ፣ የባላባቱን ወይም የመልከኛውን (የመሬት ሹሙን) ስም፣ የጋሻውን ቁጥር ከደረሰኙ ገልብጣችሁ አስገቡ። ፍርድ ቤት ከሆነ የምትጠይቁት የወራሽነት መዝገብ ነው፤ የልጆቹን ስም በሙሉ፣ የሴቶቹንም ጭምር ዘርዝሮ የሚገኘው እዚያ ነው። ለመንግሥት ደብዳቤዎችና ለድሮ ጋዜጦች በ1936 ዓ.ም. የተከፈተው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ።

ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፎ ሲደበዝዝ ፮ እና ፯ ይምታታሉ። ጸሐፊው «ዘመነ ሉቃስ» ወይም «ዘመነ ማርቆስ» ብሎ ከጻፈ ግን መፍትሔ አለው። ዓመቱን ለ4 አካፍሉት፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ፲፱፻፵፮ ነው ወይስ ፲፱፻፵፯? 1946 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ 1947 ሲካፈል 3። ወረቀቱ ሉቃስ ካለ የመጨረሻዋ ፊደል ፯ ናት።

ወረቀቱን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔትም አታስደርጉ፤ ሙጫው ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። ፌስታል ውስጥ ከተቀመጠ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። ንጹሕ ወረቀት መሐል አድርጋችሁ ካርቶን ውስጥ አኑሩት። ፎቶ ስታነሱ ብርሃኑ ከጎን በዝቅታ ይምጣ፤ የደበዘዘ ማኅተምና የብዕር ጭረት የሚነበበው ያኔ ነው። ጀርባውንም አንሱ፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ፊርማ እዚያ ነው ያለው።