ሻርክ ብዬ የሸጥኩት ዓሣ

ለገጣፎ አካባቢ የጌጥ ዓሣ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ሽያጩም ጥገናውም የእኔ ነው። ገንዳ አጥባለሁ፣ ፊልተር እቀይራለሁ፣ ዓሣ ሲታመም ቤት ድረስ እሄዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ደንበኛችን ደወሉ። «ልጄ፣ ሻርኩ ራሱን ከመስታወቱ ጋር እያጋጨ ነው። ቶሎ ድረስልኝ!»

ስደርስ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ክንዴን የሚያህል ዓሣ 1 ሜትር ከ20 በሆነ ገንዳ ውስጥ ጥግ ይዟል። ለመዞር ሰውነቱን ማጠፍ አለበት። አፍንጫው ተልጦ ነጭ ሥጋው ይታያል። በሩ ሲንኳኳ ደንግጦ ተወረወረ። መስታወቱ ጓ አለ፤ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ከ2 ዓመት በፊት ጣት በሚያክልበት ጊዜ የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። «እትዬ፣ ዓሣ በገንዳው ልክ ነው የሚያድገው» ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ከሰው የሰማሁትን ነው ሳላጣራ የደገምኩት። እውነት አይደለም። ጠባብ ገንዳ ዓሣን ያቀጭጫል፣ ያሳምማል እንጂ ትንሽ ዘር አያደርገውም።

የግቢው ዘበኛ ወለሉን እየወለወሉ ቀና ብለው አዩት። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደጉ ሰው ናቸው። «ይሄ ምን ሻርክ ነው? ጢሙን አታይም እንዴ? የአምባዛ ዘመድ ነው።»

ልክ ነበሩ። ጎንበስ ብዬ ጢሙን ቆጠርኩ፤ 4 ነው። የኛ አምባዛ 8 አለው፣ የጀርባ ክንፉም ረጅም ሆኖ እስከ ጭራው ይጠጋል። የዚህኛው የጀርባ ክንፍ አጭርና ሹል ነው፤ ከኋላው ደግሞ ትንሽዬ ሥጋማ ክንፍ አለችው። ከሻርክ ጋር በመልክ እንጂ በዘር አይገናኝም። ስሙ ፓንጋሲየስ ነው። አገሩ የእስያዎቹ ሜኮንግና ቻኦ ፍራያ ወንዞች ናቸው። ቬትናም ውስጥ ለምግብ በብዛት ይረባል። እስከ 1 ሜትር ከ30 ይደርሳል፤ 44 ኪሎ የመዘነም አለ። በመንጋ የሚኖር ድንጉጥ ዓሣ ነው። እኛ ግን ብቻውን፣ መብራት ሥር አስቀመጥነው።

«ቢሾፍቱ ወስደን ሐይቅ ውስጥ ብንለቀውስ?» አሉኝ እትዬ። በፍጹም አልኳቸው። የውጭ ዓሣ ነው፤ እዚያ ላሉት በሽታ ሊያስገባባቸው ይችላል።

መብራቱን አጠፋሁ። ድንጋዮቹን አወጣሁ፤ ሦስቱን ጎን በወረቀት ሸፈንኩ። ቅርፊት የለውምና መድኃኒት ቆዳውን ቶሎ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መቀየር ብቻ መረጥኩ። ቁስሉ እየጠገገ መጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ አናቱን አስቆርጠን ጋራዡ ውስጥ አቆምን። የኛ ሌሊት ይበርደዋል፤ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋል። ሁለት ሂተር አስገባን፣ መብራት ሲጠፋ ሙቀት እንዳይወጣ ሮቶውን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። ያዛወርኩት በመረብ አይደለም። የጎን ክንፎቹ እሾህ ስላላቸው መረቡ ላይ ይጠመዳሉ። ውሃ ውስጥ እንዳለ ትልቅ ሳፋ ከሥሩ አስገብተን ከዘበኛው ጋር ተሸከምነው። ሮቶውም ለዘለቄታው አይበቃውም፤ ሰፋ ያለ ቦታ እየፈለግንለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ትንንሾች ቀርተው ነበር። «ሻርክ» የሚለውን ጽሑፍ ከገንዳቸው ላይ ቀደድኩና «ፓንጋሲየስ፣ ከ1 ሜትር በላይ ያድጋል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ እንጂ የገዛ የለም። እኛም ሌላ አላስመጣንም።