በአርዱዊኖ የሠራሁት የቀለም መለኪያ፦ ያስቸገረኝ ሽቦው ሳይሆን ሣጥኑ ነው

በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ) አለ። አምፖሉ ከተቃጠለ ዓመታት አልፈዋል፤ መለዋወጫ አልተገኘለትም። የፈሳሽን ጥንካሬ ከሚውጠው ብርሃን ጋር የሚያያይዘውን የቢርን ሕግ የማስተምረው ግራፉን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ነበር። ልጆቹ ቀመሩን ሸምድደው ፈተናውን ያልፋሉ፤ የቀለም ድምቀት እንዴት ቁጥር እንደሚሆን ግን አንድም ቀን በዓይናቸው አላዩም። ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

ራሴ ልሠራው ያሰብኩት መሣሪያ የሚሠራው ነገር ቀላል ነው። ብርሃን በአንድ በኩል ይገባል፣ በፈሳሹ ያልፋል፣ በሌላ በኩል የተረፈው ይለካል። አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ አረንጓዴ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት)፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ብርሃን ሲያርፍበት ሬዚስታንሱ የሚወርድ ኤልዲአር ገዛሁ። ለሙከራው ፖታሲየም ፐርማንጋኔት መረጥኩ፤ ሐምራዊው ፈሳሽ አጥብቆ የሚውጠው የሞገድ ርዝመቱ 525 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን አረንጓዴ ብርሃን ነውና። ሽቦውን ማገናኘትና ፕሮግራሙን መጻፍ አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። የቀረው ሥራ ወር ከግማሽ ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ሁለት ፈሳሽ በጠበጥኩ፤ አንዱ በጥንካሬ የሌላው እጥፍ ነው። አብሶርባንሱም (ፈሳሹ የዋጠውን ብርሃን የሚገልጸው ቁጥር) በቢር ሕግ መሠረት እጥፍ መሆን ነበረበት። ያገኘሁት ግን 0.20 እና 0.31 ነው። ፒፔት (ፈሳሽ መመጠኛ ቱቦ) አያያዜን ጠርጥሬ ሦስት ጊዜ ደግሜ በጠበጥኩ፤ ያው ነው። በዚህ መሐል አንዲት ተማሪ በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ስክሪኑ ላይ የነበረው የብርሃን ንባብ ከ412 ወደ 398 ወረደ።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ እንዴ ያወረድኩት?»

«እስቲ ተመለሺና እንደገና እለፊ» አልኳት። አለፈች፤ ቁጥሩ ወረደ። ከመስኮቱ ራቅ ስትል ተመልሶ ወጣ። ለካ ከፈሳሹ ጋር አብሬ መስኮቱንም እየለካሁ ኖሯል!

የሚሾልክ ብርሃን ምን ያህል እንደሚጎዳ ያን ማታ በወረቀት አሰላሁት። ፈሳሹ ከ100 ብርሃን 1 ብቻ ቢያሳልፍ አብሶርባንሱ (የ100 ÷ 1 ሎጋሪዝም) 2 ነው። ከውጭ 5 ያህል ብርሃን ሾልኮ ቢገባ ግን መሣሪያው የሚያየው ከ105 ውስጥ 6 ነው፤ ይህ 1.24 ይሰጣል። ፈሳሹ በጠቆረ ቁጥር ውሸቱ ይብሳል። ካርቶን አጥፌ ጥቁር ፕላስተር ብለጥፍም ቁጥሩ መዋዠቁን አልተወም።

ሣጥኑን ያስተካከለልኝ የሰፈራችን አናጺ ነው። ለኤልኢዲውና ለመለኪያው ፊት ለፊት ሁለት ቀዳዳ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። እንጨቱን አገላብጠው አዩና «መምህር፣ ለየብቻ ከበሳናቸው አይገጥሙም፤ በአንድ መሰርሰሪያ ከዳር እስከ ዳር እናሳልፈው» አሉኝ። ብርሃኑ ወደ ጎን ሳይስት መሐል ለመሐል የሚያልፈው በዚህች ዘዴ ነው፤ እኔ አላሰብኳትም ነበር። ውስጡን የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀባሁት፣ ክዳኑንም ጠለቅ ብሎ እንዲገባ አስደረግሁ። ፕሮግራሙ ላይም አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ኤልኢዲው ጠፍቶ ያነባል፣ በርቶ ያነባል፣ ልዩነቱን ይወስዳል፤ ይህንን 100 ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን ያወጣል።

ኤልዲአሩን ግን መተው ነበረብኝ። ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ንባቡ በግማሽ አይቀንስም። ፎቶዳዮድ የሚባለው የብርሃን መለኪያ ግን የሚያመነጨው ከረንት ከሚያርፍበት ብርሃን ጋር እኩል ይጓዛል። ቢፒደብልዩ 34 የሚባለውን ገዝቼ ምልክቱን ከሚያጎላ ኤልኤም 358 አምፕሊፋየር ጋር አገናኘሁት። እዚህም ተያዝኩ፦ ቀጫጭኖቹ ፈሳሾች ሁሉ ከንጹሕ ውሃ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጡኝ። ይህ አምፕሊፋየር በ5 ቮልት ሲሠራ ከ3.5 ቮልት ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ንጹሑ ውሃም ቀጭኑ ፈሳሽም ጣሪያውን ነክተው ቆመዋል። የአምፕሊፋየሩን የመልስ ሬዚስተር (ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን) ዝቅ ሳደርግ ተፈታ።

መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ሞከርኩ፤ የሚወሰድበት ከረንት አነስተኛ ስለሆነበት በልኬት መሐል ራሱን አጠፋ። ተጨማሪ ሬዚስተር አስገብቼ ጭነቱን ከፍ አደረግሁለት። ኤልኢዲውም እስኪሞቅ ድምቀቱ ስለሚለዋወጥ አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊትም ንጹሕ ውሃ እንለካለን። ፐርማንጋኔቱ ኩቬቱ (ፈሳሹ የሚለካበት ትንሽ ብልቃጥ) ላይ የሚተወውን ቡናማ እድፍ የቫይታሚን ሲ ክኒን በውሃ አሟሙተን እናስለቅቃለን። እድፉ ካለ ንጹሑ ውሃም ቀለም ያለው ይመስላል።

መጨረሻ ላይ አምስት ነጥቦች ግራፍ ላይ ስናስቀምጥ እስከ 0.9 አብሶርባንስ ድረስ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። ከዚያ በላይ መስመሩ ይጎብጣል፤ የኤልኢዲ ብርሃን አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ስላልሆነ ነው። ልጆቹን ይበልጥ ያስደነቃቸው ግን ኤልኢዲውን በቀይ ስንቀይር የሆነው ነው፦ ያ ሁሉ ሐምራዊ ፈሳሽ ቀዩን ብርሃን ሳይነካው ሊያሳልፈው ምንም አልቀረውም። «ለምን አረንጓዴ?» የሚለውን ያን ቀን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ያቺ በመስኮቱ በኩል ያለፈችው ተማሪ ባለፈው ሳምንት ከግቢያቸው ጉድጓድ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛ መጣች። ሲቀመጥ ዝገት የመሰለ ነገር ያዘቅጣል። ብረት ፌናንትሮሊን ከተባለ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ብርቱካናማ ቀይ ቀለም 510 ናኖሜትር ላይ ያለውን ብርሃን ይውጣል፤ አረንጓዴው ኤልኢዲያችን ለዚያ ቅርብ ነው። ስታንዳርዶቹን (የብረት መጠናቸው የታወቀ ማወዳደሪያ ፈሳሾችን) ራሷ እየበጠበጠች ነው።