ነባሩ ስፖርትስተር ወይስ አዲሱ?

ክሩዘር (መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ ዘና ብለው የሚነዱት) ሞተር ሳይክል ለመግዛት የሚያስብ ሰው በቆየው ሞዴልና በቅርቡ በወጣው መካከል ማመንታቱ አይቀርም። ይህ ማመንታት የሃርሊ ዴቪድሰንን ስፖርትስተር ያህል የሚከብድበት ሞተር ሳይክል ያለ አይመስለኝም። ስሙ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢዘልቅም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ2021 የወጣው ስፖርትስተር ኤስ ከቀዳሚዎቹ የወረሰው ከስሙ በቀር እጅግ ጥቂት ነው። ብዙዎች ሁለቱን በፈረስ ጉልበትና በዋጋ ብቻ ያነጻጽሯቸዋል። በእኔ እምነት ግን አዲሱን የሚገዛ ሰው የሚመርጠው ሞዴሉን ሲሆን፣ የቆየውን የሚገዛ ሰው የሚመርጠው ፊቱ የቆመውን ያንኑ አንድ ሞተር ሳይክልና እስከዚያ ዕለት የተያዘበትን አያያዝ ነው።

የቆየው ስፖርትስተር ሲባል ደግሞ አንድ ወጥ ነገር ማለት አይደለም። በ1986 የገባው ኢቮሉሽን የተባለው ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ፣ በ45 ዲግሪ ማዕዘን የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት ነው፤ የቫልቮቹም ክፍተት በዘይት ግፊት ራሱን ስለሚያስተካክል በየጊዜው እየተከፈተ መስተካከል አያሻውም። እስከ 2003 ድረስ ይህ ሞተር ከሻንሲው ጋር በቀጥታ የታሰረ በመሆኑ ንዝረቱ እንዳለ ወደ እጅና ወደ እግር ይደርሳል፤ ለአጭር ጉዞ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም በረጅም መንገድ ጣት ያደነዝዛል። በ2004 ሞተሩ በላስቲክ ማስቀመጫዎች ላይ እንዲያርፍ ተደረገ፤ ክብደት ቢጨምርም ለረጅም ጉዞ የሚያስበውን ሰው ያሳረፈ ለውጥ ነበር። በ2007 ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ቀርቶ በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ የነዳጅ ኢንጀክሽን ገባ፤ በ2014 ደግሞ ኤቢኤስ ፍሬን (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) በአማራጭነት ቀረበ። ካርቡሬተር በገዛ እጁ ፈትቶ ማጽዳት ለሚወድ ሰው ከ2004 እስከ 2006 የተሠሩት ተመራጭ ናቸው። ሞተር ሳይክሉን ለወራት የሚያቆም ሰው ግን ከ2007 ወዲህ ያለውን ቢይዝ ይሻለዋል፤ በካርቡሬተር ውስጥ የቆየ ነዳጅ ወደ ሙጫ መሰል ዝቃጭ እየተለወጠ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናልና።

እዚህ ላይ ነው የአያያዝ ጉዳይ የሚመጣው። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አስነስቶ ከጠበቀ፣ በሌላ ቀን ተመልሶ በቀዝቃዛው ሲነሳ መስማት ይገባል፤ ድካሙን የሚናገረው ያን ጊዜ ነውና። በሲሊንደሮቹ አናት ዙሪያ የዘይት ወዝ ካለ ጓርኒሲዮኑ ማለቁን ያመለክታል፤ ይህ በራሱ አስፈሪ ባይሆንም በዋጋው ላይ መታሰብ አለበት። የነዳጅ ታንኩን ከፍቶ ውስጡ ዝገት እንዳለው በባትሪ መብራት ማየት፣ የኋላውን ቺንጋ ስንጥቅ እንዳለው መመርመር፣ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ መሪውን ቀስ ብሎ በማዞር ኩሽኔታው የሚይዝበት ቦታ መኖር አለመኖሩን መለየት ይቻላል። በባትሪው ጫፎች ላይ የሚለካው ኃይል ሞተሩ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው 14 ቮልት አካባቢ ካልደረሰ፣ የመሙያ ክፍሉ ችግር አለበት ማለት ነው። ጎማው ጥርሱ ያልተበላ ቢሆንም እንኳ በጎኑ ላይ የታተሙትን አራት አሃዞች ማንበብ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ከሁሉ በላይ የምተማመነው ግን በጥገና መዝገብ ነው። ዘይት የተቀየረባቸውን ቀናት ጽፎ ያስቀመጠ ባለቤት ሌላውንም ነገር ሳይንከባከብ አይቀርም።

አዲሱ ስፖርትስተር ኤስ ይህን ሁሉ ምርመራ አይጠይቅም። 1252 ሲሲ የሆነው ሞተሩ በውኃ ይቀዘቅዛል፤ ሲሊንደሮቹ በ60 ዲግሪ የተቀመጡ ናቸው፤ 121 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ይህም ከቀድሞው ባለ 1200 ሲሲ ስፖርትስተር ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው። ሞተሩ ራሱ የሻንሲውን ሥራ ስለሚሠራ አጠቃላይ ክብደቱ 228 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለረጅም ጉዞ የተሠራ አይመስለኝም። ታንኩ የሚይዘው 11.8 ሊትር ነው፤ ማርሚታው በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ የተሰቀለ በመሆኑ ሙቀቱ ጭን ላይ ይደርሳል፤ እስከ 2024 በተሠሩት ላይ የኋላው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነና እግርም ወደ ፊት ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ፣ የጉድጓዱ ምት በቀጥታ ወደ ወገብ ይሄዳል። በፍትሕ ለመናገር፣ ከቀድሞዎቹም ፎርቲ ኤይት የተባለው ታንኩ 8 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የቆየ ሁሉ ለመንገድ የተመቸ ነው ማለት አይደለም።

በፍሬን ጉዳይ ግን አዲሱ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ኤቢኤስ የሌለው ሞተር ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰው በእርጥብ አስፋልት ደንግጦ የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ሲይዝ ጎማው ይቆለፋል፤ ጎማው ከተቆለፈ በኋላ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ ማቆየት ለልምድ አዋቂም ከባድ ነው። አዲሱ በመታጠፊያ ላይ ያለውን ዝንባሌ ጭምር የሚያገናዝብ ኤቢኤስ አለው፤ የኋላ ጎማ እንዳይንሸራተትም ኃይሉን ራሱ ይቀንሳል። ሆኖም በዚህ ምክንያት ብቻ 121 የፈረስ ጉልበት ለጀማሪ መስጠትን አልደግፍም። በ2022 የወጣው የአዲሱ ስፖርትስተር ታናሽ ወንድም ናይትስተር 975 ሲሲና 90 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ነዳጁ ከመቀመጫው ሥር በመሆኑ ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ ነው፤ ለጀማሪ እጅግ የሚመጥነው እሱ ይመስለኛል።

እኔ ዛሬ ምረጥ ብባል ከ2014 ወዲህ የተሠራ፣ ኤቢኤስ ያለውና ታንኩ 17 ሊትር የሚይዘውን 1200 ከስተም እመርጣለሁ። የራሴን ጥገና ራሴ መሥራት ስለምወድ፣ ሞተሩም በተራ መፍቻ የሚደረስበት ስለሆነ ነው። የጥገና መዝገቡ የጠፋበት ወይም ሻጩ በቀዝቃዛው ለማስነሳት የሚያንገራግርበት ከሆነ ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ትቼው ናይትስተሩን እገዛለሁ።