«አሹራን ጾምክ?»

ቶሮንቶ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ የእስልምናው ዓመት የመጀመሪያ ወር ሙሐረም ሲገባ እማዬ ከሐረር ትደውላለች። «ዘጠኙንና አስሩን አደራ!» ትለኛለች። በአስረኛው ቀን፣ በአሹራ፣ ደግማ ትደውልና «አሹራን ጾምክ?» ትላለች። «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ውሸቴን ነበር። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ እውላለሁ፣ ቀኑ መድረሱንም ያስታወሰኝ የእሷው ስልክ ነው። ረመዳን ሲሆን መስጊዱ ይሞላል፣ ወዳጅ ለማፍጠሪያ ይጠራሃል። ሙሐረም ግን ስደት ላይ ማንም ሳይነግርህ ገብቶ ይወጣል።

አምና ፈቃድ አግኝቼ ሐረር ስገባ ሙሐረም አራተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። በዘጠነኛው ሌሊት እማዬ ለሱሁር፣ ጾም ከመያዙ በፊት ለሚበላው ምግብ፣ ቀሰቀሰችኝ። ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ እየቀዳችልኝ ድንገት ጠየቀችኝ።

«ዓመታችን ከምን ተነስቶ እንደሚቆጠር ታውቃለህ?»

«ከሂጅራ።»

«ሂጅራ ምንድን ነው?»

«ስደት» አልኳት። ቃሉ አፌ ላይ ከበደኝ።

«ታዲያ አንተ ሙሐረምን እንዴት ትረሳለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ነቢያችን እ.ኤ.አ. በ622 ከመካ ወደ መዲና ተሰደዱ፤ በኋላ በዑመር ዘመን ቀን መቁጠሪያ ሲወጣ መነሻው ያ ስደት ሆነ። ከዚያ በፊት በ615 ሶሐቦቹ፣ የነቢያችን ባልደረቦች፣ ተሰደው የመጡት ወደ እኛው ሐበሻ ነው። ይህን ሁሉ ልጅ ሆኜ መድረሳ ተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ሌሊት፣ ብርጭቆ ይዤ ነው።

ቁርኣን ከ12ቱ ወራት 4ቱ የተከበሩ ናቸው ይላል። ሙሐረም አንዱ ነው። አሹራ ደግሞ አላህ ሙሳን ከፊርዓውን ያዳነበት ቀን ነው። ጾሙ ያለፈውን ዓመት ወንጀል፣ ማለትም ኃጢአት፣ ያስምራል ብለው ነቢያችን ነግረውናል። እማዬ ይህን ስትናገር አይኗ እንባ ያቀራል። እኔ ስንት ዓመት አሳለፍኩት!

የአሹራ ማታ ሐረር ውስጥ ጅብም ድርሻ አለው። ገንፎ ተገንፍቶ ቅቤ ይፈስበትና ለጅቡ ይቀርባል። ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ ጥጋብ ነው፣ አፉን ሳያስነካ ከሄደ ያሰጋል ይባላል። ይህ የአገራችን ልማድ እንጂ የሃይማኖቱ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው ነው የምለው። እኔ ግን ሄጄ ቆምኩ። የገንፎው እንፋሎት በባትሪው ብርሃን ይታያል። አንዱ ጅብ አንገቱን ሰብሮ ቀረበ። አሸተተ። መሃሉ ላይ ያቆረውን ቅቤ በምላሱ ላስ አደረገና ዞር ብሎ አየን። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ተመልሶ መብላት ሲጀምር ከጎኔ የቆሙት ሽማግሌ «ያ ረቢ፣ ዘመኑን የሰላም አድርገው» አሉ። «አሚን» ስል ድምፄ ተቆረጠ።

ዘንድሮ እማዬ የደወለችው አፍጥራ ነው። ሐረር ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲሆን እኔ ጋ ቀትር እንኳ አልሆነም።

«አሹራን ጾምክ?»

«ጾሜያለሁ እማዬ። የድሮዎቹን ግን ዋሽቼሻለሁ፣ አፉ በይኝ።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ስንት ሰዓት ይቀርሃል?»

«ዘጠኝ።»

«በል አብሽር። ስታፈጥር ደውልልኝ፣ ከሱብሒ በፊት ተነስቼ እጠብቅሃለሁ።»