ሕዝቡን ቆጥሮ ከፍታውን የረሳ የውሃ ዕቅድ

የከተማ ውሃ ማስተር ፕላን ሲገለጥ መጀመሪያ የሚገኘው የሕዝብ ቁጥር ሠንጠረዥ ነው። በዓመት 4 በመቶ የሚያድግ ከተማ በ20 ዓመት 2.2 እጥፍ ይሆናል፤ በ3 በመቶ ካደገ 1.8። ይህ ስሌት ማንንም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የሚጨመረው ሰው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ይሰፍራል የሚለው ነው።

አዲስ አበባን እንይ። የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላሉ ውሃቸው በአብዛኛው በራሱ ቁልቁል ይወርዳል። የአቃቂ ጉድጓዶች ያሉት ግን ከተማዋ በምታዘቀዝቅበት በደቡብ ጫፍ ነው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት በስሌት 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ ፓምፕና ሞተሩ ተደምረው 65 በመቶ ብቃት ካላቸው 0.42 ይደርሳል። ለ300 ሜትር 1.26 ነው፣ የቧንቧው ሰበቃ ገና ሳይታሰብ። አቃቂ ላይ ውሃ ተገኘ ማለት በሰሜን ዳገቱ ላይ ያለው ሽሮ ሜዳ ውሃ አገኘ ማለት አይደለም። መብራት ሲጠፋም ቀድሞ የሚደርቀው ዳገቱ ነው።

መፍትሔው ከተማውን በየ50 ወይም 60 ሜትሩ የከፍታ ልዩነት በግፊት ቀጠና (የውሃው ግፊት ተቀራራቢ በሆነበት ክልል) መክፈልና ለእያንዳንዱ ቀጠና ማጠራቀሚያ ታንከር መስጠት ነው። ለመነሻ፣ ፍጆታ ከፍ በሚልበት ቀን ከሚያስፈልገው ውሃ አንድ ሦስተኛውን የሚይዝ ይበቃል። ቀጠና ከሌለ ለላይኛው ሰፈር ተብሎ የሚጨመረው ግፊት የታችኛውን ቧንቧ ያፈነዳል።

ብክነቱም አለ። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ለደንበኛ ለማድረስ፣ ብክነቱ 35 በመቶ ከሆነ 15,385 ማምረት ያስፈልጋል፤ ወደ 20 በመቶ ከወረደ 12,500 ይበቃል። ልዩነቱ በሰከንድ 30 ሊትር እየሰጠ በቀን 20 ሰዓት ከሚሠራ ጉድጓድ ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ ሪባን የሚቆረጠው ለጉድጓድ እንጂ ለተጠገነ ቧንቧ አይደለም።

ብክነትን ለመለካት የተለመደው ዘዴ አንድን ሰፈር በጌት ቫልቭ (በቧንቧ መዝጊያ) ለይቶ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት የሚገባውን ውሃ ማንበብ ነው፤ ሰው ተኝቷልና አብዛኛው ከቧንቧ የሚያፈተልክ ውሃ ነው ይባላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ግን ይህ ንባብ ያሳስታል፤ በዚያ ሰዓት ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሁሉ እየሞላ ነው። ሰፈሩ ለተከታታይ ቀናት ሳይቋረጥ ውሃ አግኝቶ ሮቶዎቹ ከሞሉ በኋላ መለካት ይሻላል።

ፈረቃ የቢሉንም ቁጥር ያበላሻል። ባዶ ያደረ ቧንቧ ሲከፈት አየሩ ከውሃው ቀድሞ ይወጣል፤ ቆጣሪው ደግሞ አየሩንም ይቆጥራል፣ አንዳንዴም ከውሃው በባሰ ፍጥነት ይሽከረከራል። ዳገቱ አናት ላይ የሚሠራ ኤር ቫልቭ (አየር ማስወጫ) ቢኖር አብዛኛው አየር በዚያ ይወጣ ነበር። ሌላውም ስህተት በቢሉ በኩል ይመጣል፦ በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ የሚያገኝ ቤት ቢል ላይ የሚታየው የደረሰው እንጂ የፈለገው አይደለም። ያንን ቁጥር ለ20 ዓመት ያባዛ ዕቅድ እጥረቱንም አብሮ ያባዛዋል። የነፍስ ወከፍ ፍጆታ መነሻው ውሃ ሳይቋረጥ ከሚያገኙ ጥቂት ሰፈሮች ንባብ መወሰድ አለበት።