የድምፅ አልባ ዘመን ፊልሞችን እንዴት እንደምፈልግና እንደማይ

ስጀምር የሳትኩት ነገር ቢኖር ከዝነኞቹ ረጃጅም ፊልሞች መነሳቴ ነው። አሁን የምነሳው ከአጭሩ ነው። የፊልም ፈር ቀዳጆቹ ፈረንሳውያን ሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፓሪስ ላይ ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው 50 ሰከንድ ገደማ ናቸው። ካሜራው ከቦታው ስለማይነቃነቅ መዘዋወር ያለበት የተመልካቹ ዓይን ነው። አንዱን ፊልም ሦስት ጊዜ አየዋለሁ፦ አንዴ ከፊት ያለውን፣ አንዴ ከኋላ የሚያልፈውን፣ አንዴ ዳር ዳሩን። ከዚያ በተንኮል ቀረጻ ወደሚታወቀው ፈረንሳዊ የፊልም ሠሪ ወደ ሜልየስ፣ ቀጥሎም በ1910 አካባቢ ወደ ተሠሩት የ10 እና የ15 ደቂቃ ፊልሞች እሻገራለሁ።

ከሁሉ በላይ ወሳኙ ቅጂው ነው። ሰዎቹ ይሯሯጣሉ ብዬ የተውኳቸውን ፊልሞች መልሼ ሳይ ጥፋቱ የፍጥነት ሆኖ አገኘሁት። ካሜራው በእጅ ይዞር ስለነበር በሰከንድ የሚቀረጸው ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከ16 እስከ 24 ይዋዥቃል፤ 24 የጸናው ድምፅ ሲመጣ ነው። በ16 የተቀረጸ ፊልም በ24 ከታየ በአንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ በቪዲዮ ማጫወቻው ላይ ፍጥነቱን 0.75 አደርጋለሁ (24ቱ 18 ይሆናል)፤ አሁንም ከቸኮለ 0.67። ልኩን የምለየው በአረማመድና በሚወድቅ ነገር ነው። ሙዚቃው አብሮ ስለሚጎተት ድምፁን አጠፋለሁ። ለሳቅ ሲባል ሆን ተብሎ የተፋጠነውን ግን አልነካም።

ርዝመትም ይመረመራል። 1000 ጫማ የ35 ሚሊሜትር ፊልም 16,000 ፍሬም ይይዛል፤ በ16 ከታየ 17 ደቂቃ ገደማ፣ በ24 ደግሞ 11 ደቂቃ ይወስዳል። በመዝገብ 1000 ጫማ የተባለው ፊልም 8 ደቂቃ ብቻ ከሆነ የተቆረጠ ነገር አለ ማለት ነው።

እምብዛም የማይወሩትን ለማግኘት በርዕስ ብቻ መፈለግ አያዋጣም። ፊልሙ ድንበር ሲሻገር ስሙ ይቀየር ነበር፤ የአሜሪካዊው አዘጋጅ የኦስካር ሚሾ የ1920 ፊልም «ዊዚን አወር ጌትስ» ስፔን ውስጥ የተገኘው «ላ ኔግራ» በሚል ስም ነው። ስለዚህ በአዘጋጁ፣ በፊልም ኩባንያውና በዓመቱ እፈልጋለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ሴት አዘጋጆች አንዷ የሆነችውን አሊስ ጊን ከተከተሉ ሁለት ኩባንያዎች ይከፈታሉ፦ ፈረንሳይ ውስጥ ጎሞን፣ አሜሪካ ውስጥ ሶላክስ። የአሜሪካዊቷ አዘጋጅ የሎይስ ዌበር «ሰስፔንስ» (1913) 10 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስክሪኑን ለሦስት ከፍሎ ሚስቲቱን፣ ባልየውንና ሰርጎ ገቡን በአንዴ ያሳያል። ከታዋቂዎቹ በፊት ይህን እመክራለሁ።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የአምስተርዳሙ አይ ፊልም ሙዚየም ብዙ ፊልሞችን በነፃ ያሳያሉ። ከቤተ መጻሕፍቱ ፊልሞች አንዳንዶቹ ሻካራ ምስል አላቸው፤ እሱን አይቶ መተው ስህተት ነው። እስከ 1912 የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ፊልምን ለብቻው ስለማያውቀው ኩባንያዎቹ ፍሬሞቹን እንደ ፎቶግራፍ በወረቀት አትመው ያስመዘግቡ ነበር። በቀላሉ የሚቃጠለውና የሚበሰብሰው ናይትሬት (ፊልሞቹ የተቀረጹበት ጥሬ ፊልም) ሲጠፋ ወረቀቱ ተረፈ፤ የምናየው ከዚያ ወረቀት ተመልሶ የተቀረጸውን ነው።

ሌላው የቀለም ነገር ነው። የሌሊቱን ትዕይንት በቀን ብርሃን ይቀርጹና ፊልሙን ሰማያዊ ይነክሩት ነበር፤ እሳት ሲሆን ቀይ። ቅጂው ወደ ጥቁርና ነጭ ሲገለበጥ ይህ ይጠፋል፤ ታሪኩም አብሮ ይደናገራል። ሌባ በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ ይዞ ሲሄድ ካያችሁ የጠፋው ሰማያዊው ነውና ሌላ ቅጂ ፈልጉ።